በበቅሎ ፍጥነት

ደብረ ብርሃን ላይ የንፋሱን ጠባይ ከብስክሌተኛ በላይ የሚያውቅ የለም። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ንፋስ መስታወት ከፍ በማድረግ የሚያልቅ ነገር ነው፤ እግረኛም ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ አንገቱን ደፋ ካደረገ ይገላገለዋል። በብስክሌት የወጣ ሰው ግን በደረቱ ይቀበለዋል። ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚበረታ፣ የትኛው የባሕር ዛፍ ረድፍ እንደሚሰብረው፣ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚለቀቅ ያውቃል። በበጋ ማለዳ አገሩ ጸጥ ይላል። ረፋድ ላይ ከምሥራቅ፣ ከገደሉ በኩል ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንኳ ዳገት የመውጣት ያህል ያስገፋል። ስለዚህ እዚህ ያሉ ብስክሌት ወዳጆች ለእንግዳ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ስለ ጎማም ስለ ማርሽም አይደለም። ስትወጡ ንፋሱን ፊት ለፊት ተጋፈጡት፣ ስትመለሱ ከጀርባችሁ ይሁን ይላሉ። የደከመ ሰው ንፋስ ሲገፋው ወደ ቤቱ መድረሱ አይቀርም።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በቱር ደ ፍራንስ ስማቸው በፍርሃት ከሚጠራ ተራሮች አንዱ ጋሊቢዬ ነው፤ የመንገዱ ጫፍ 2,642 ሜትር ላይ ነው። ዓለም በቴሌቪዥን የሚያያቸው ጋላቢዎች አፋቸውን ከፍተው፣ ፊታቸው ጨው ለብሶ የሚደርሱበት ያ ጫፍ ከደብረ ብርሃን ዋና አስፋልት ዝቅ ይላል። እዚህ ዳቦ ሊገዛ በሳይክል የተላከ ልጅ ከጋሊቢዬ በላይ ነው የሚጋልበው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ፣ የውጭ ጋዜጦች ስለ ኪጋሊ ዳገትና ከፍታ ብዙ ጻፉ። ኪጋሊ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ የሄደው ወደ እኛው ወንዝ፣ ወደ በሬሳ ድልድይ ነበር።

ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል። ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያው አጭር ዳገት ላይ ልቡ ጆሮው ድረስ ይመታበታል፤ እዚህ ያደገው ወሬውን ሳያቋርጥ ያልፈዋል። ግን የሳሳው አየር ውለታም አለው፤ ቁልቁለት ላይ ሰውነትን የሚገታው አየር ስለሚያንስ ብስክሌት ከሌላ አገር ይልቅ ይበራል።

ከዚያ ብርዱ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ማለዳ የተነሣ ሰው ሣሩን ነጭ ሆኖ ያገኘዋል፣ የጎማውም ድምፅ ይለያል። ጣት ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው ይደነዝዛል። ለዚህ አገር ብርድ የአገሩ ሰው መልሱን ያገኘው ከበጉ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ባና ሆኖ ይሠራል፣ በርኖስ ሆኖ ይለበሳል፤ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም የከተማዋን ስም በየቤቱ አልጋ ላይ አስቀምጦታል። ብስክሌተኛው ግን ባና ለብሶ አይጋልብም። ጋዜጣ ከደረቱና ከሹራቡ መካከል ያስገባል፤ ዳገት ሲጨርስ፣ ቁልቁለት ሊጀምር ሲል። አውሮፓውያኑም ለብዙ ዘመን የተራራ ጫፍ ላይ ከተመልካች እየተቀበሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የስንቅ ነገር ከተነሣ በሶን የሚያህል የለም። ከማር ጋር ተለውሶ በፌስታል ተቋጥሮ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሲበጠበጥ መጠጥ ነው፣ ሲጨበጥ ምግብ ነው። ፈረንጅ በውድ ዋጋ እያሸገ የሚሸጠውን የጋላቢ ስንቅ ቀምሼዋለሁ፤ ከአገራችን የገብስ ዱቄት የሚበልጥ ነገር አላገኘሁበትም።

ከከተማዋ አራት መንገድ ይወጣል፤ አራቱም አራት ዓይነት አገር ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር። ለብስክሌት የማይወደደውም እሱ ነው፣ አይሱዙውና ተሳቢው ይበዛበታልና። መስታወት የሌለው ብስክሌተኛ ጆሮውን መስታወት ማድረግ አለበት፤ የሚኒባስን፣ የአውቶቡስን፣ የጫነና ያልጫነ መኪናን ድምፅ ሳይዞር መለየት ይለምዳል። ቢሆንም ማለዳ ከሆነ እስከ ጫጫ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ደስ ይላል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሜዳው ተዘርግቷል፤ የኩበት ክምሩ በየደጁ ቆሟል፣ ድርቆሹ ተከምሯል፣ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ከአፋቸው ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ይወጣል። ጫጫ ሲደርሱ የአንጎለላ ምድር ላይ ናቸው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ የከተሙባት አንጎለላ ዛሬ ለአላፊው ሰው የወረዳ ስም ብቻ ናት። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ የተወለዱት እዚያ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዋዜማ። በዚያ ሰሞን በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ሜዳው ላይ የእረኞች ጅራፍ ሲጮህ ይሰማል፤ ጭቃውን ታግሦ የወጣ ብስክሌተኛ በግራም በቀኝም ጅራፍ ያጅበዋል። ልጆቹ ስለ ንጉሡ ልደት አያስቡም፤ ከበጎቻቸው ርቀው ሳይክሉን እያዩ ይሮጣሉ።

ወደ ምዕራብ የሚሄደው የመንዲዳና የደነባ መንገድ ለጀማሪ የሚመረጥ ነው። አገሩ ለጥ ያለ ነው፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ በጥቅምት የስንዴውና የባቄላው ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ክረምት ላይ ያ ጥቁር አፈር ጎማ ላይ ተለጥፎ ቸርኬውን ከፍሬኑ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከአስፋልት የወረደ ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይመለሳል። አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚህ አቅጣጫ፣ መንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሩጫ ሳይሆን ስለ ብስክሌት ነው። ምክንያት አለኝ።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። የተሰለፈችባቸው ስፖርቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አትሌቲክስና ብስክሌት። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ከሯጮቹ እኩል አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ይዘው በአውስትራሊያ ጎዳና ፔዳል መቱ። ገረመው በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይም ነበር። እዚያው ሮም፣ በዚያው ጨዋታ፣ የመንዲዳው ልጅ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ የአገሪቱ ዓይን ሁሉ ወደ ሩጫ ዞረ። ማንም አላጠፋም። ሕዝብ ልቡን ድል ወዳየበት ይሰጣል፤ ሩጫ ደግሞ ጫማ እንኳ አልጠየቀም። ብስክሌት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ካቴናው፣ ካላማዳሪያው፣ ራጂው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሁለት እህትማማች ስፖርቶች በአንድ መርከብ ተሳፍረው አንዷ ንግሥት ስትሆን ሌላዋ ደጅ ቀረች፤ እኔ ስለ ደጇ መናገር እወዳለሁ።

ደጅ ብትቀርም አልሞተችም። በመቀሌ፣ በትራንስ ኢትዮጵያ ክለብና በሌሎች ክለቦች፣ ብስክሌት እንደ ቤት ልጅ አደገ። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከመረብ ማዶም ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። እነዚህ ልጆች ያደጉባቸው ከተሞች ከፍታ ከደብረ ብርሃን ያንሳል። ሳንባው እዚህ አለ፤ ዳገቱም እዚህ አለ። የጎደለው ኮርሳ ሳይክልና የሚያሠለጥን ሰው ነው። ይህን የምለው ሜዳው ላይ ከበግ ጋር ሲሯሯጡ ውለው የማይደክሙ ልጆችን ሁልጊዜ ስለማይ ነው።

አሁን ወደ ምሥራቅ። አንኮበር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአራቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ከከተማው ሲወጡ መንገዱ ዳገት መሆኑ አይታወቅም። ሜዳ ይመስላል። እግር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ማርሹን አንድ ዝቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ዝቅ ያደርጋል። ቀይት ላይ ሻይ ይጠጣል። እዚያ አንዲት ሻይ የሚያፈሉ እናት ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ልጄ፣ መኪና የለም እንዴ?» አሉኝ። «አለ እማማ፣ ግን በዚህ ስሄድ አገሩን አያለሁ» አልኳቸው። «ታዲያ ምኑን ታየዋለህ፣ ገብስ ነው» አሉና ብርጭቆዬን ሞሉልኝ። ገብስ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ግን ከዚያ ገብስ በኋላ ሣሩ እያጠረ፣ ድንጋዩ እየበዛ ይሄዳል፤ የቤቱ ግድግዳ ከጭቃ ወደ ድንጋይ ይለወጣል። ጅብራ እንደ ዘብ እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ይታያል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ መሬቱ ያልቃል።

ያልቃል ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ከፊት ለፊት ሰማይ ብቻ ይቀራል፤ ከእግር በታች ገደል አለ፣ ከገደሉ በታች ኮረብታ፣ ከኮረብታው በታች የአፋር ሜዳ፣ ሙቀቱ ከላይ ሲታይ እንደ ጭጋግ የሚርገበገብ። ጉም ከቆላው እየተንከባለለ ይወጣና መንገዱን ይዘጋል፤ ጥቂት ታግሦ ይገለጣል። ጭላዳዎቹ ገደሉ አፍ ላይ በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ። ከመኪና ይሸሻሉ፣ ከብስክሌት ግን አይሸሹም፤ ድምፅ የለውምና ቀና ብለው አይተው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። በዚህ የገደል ግንባር ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ለማያውቅ ሰው ከድንቢጥ የማትለይ ወፍ አለች። ሳይንስ የአንኮበር ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በመዝገብ አልነበረችም። የአእዋፍ አጥኚዎች እሷን ፍለጋ ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

እዚህ ቦታ ላይ ብስክሌቱን አቁሞ ስለ ውኃ ማሰብ ደስ ይላል። ከመንገዱ በስተ ምዕራብ የወረደ ዝናብ በሬሳን ይዞ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራንያን ይደርሳል። በስተ ምሥራቅ የወረደው ጠብታ ገደሉን ዘሎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያውቅ ወንዝ ነው፤ በአፋር በረሃ ከጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይደርቃል። አንድ ደመና ሁለት ዕጣ አለው፤ ዕጣው የሚጣለውም እዚህ ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያስተውልም። እግሩ ፔዳል ላይ ያለ ሰው ግን ዳገቱ ቆሞ ቁልቁለቱ የሚጀምርባትን ቦታ በጉልበቱ ይለያታል፤ የውኃው ወሰንም እሷው ናት።

ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ብዙ መቶ ሜትር ይወርዳል፤ ጎረቤላ፣ የዛሬዋ የአንኮበር የወረዳ ከተማ፣ ከታች ትታያለች። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ጥቂት ይቀጥላል። አብያተ ክርስቲያናቱ በየኮረብታው ጫፍ ላይ በጽድና በወይራ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ኮረብታው ላይ ሲወጡ የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚህ እንደ ከተሙ ማንም ሳያስረዳ ይገባል። ከታች የሚመጣ ሁሉ ይታያል። አልዩ አምባ ላይ ገበያው ነበር፤ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ይዞ እዚያ ይደርሳል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ሰው ሳይቀር እየገዛ ይመለሳል። ቀረጡ የንጉሡ ነበር። ገደሉ ግንብ ሆኖ ደጋውን ይጠብቃል፣ በሩ ደግሞ ገንዘብ ያስገባል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን ከአልዩ አምባ አቅጣጫ ብስክሌቱን እየገፋሁ ስወጣ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው።

በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ያንን በረሃ አቋርጦ ወደ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በበቅሎና በግመል ነው። የጻፈው መጽሐፍ በትዕቢት የተሞላ ነው፤ ስለ ሕዝባችን ብዙ የተዛባ ነገር ብሏል። ግን ስለ መሬቱ ሲጽፍ ዓይኑ አይስትም፤ ቅጠሉን፣ ጅረቱን፣ የአለቱን ቀለም ያያል። ከ1868 ዓ.ም. በኋላ በንጉሥ ምኒልክ ፈቃድ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ የሠሩት ጣልያናውያን፣ በተለይም ወፍና አራዊት ሲሰበስብ ቆይቶ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞቶ የተቀበረው አንቲኖሪ፣ እንዲሁ ነበሩ። የሁሉም መዝገብ ከአንድ ነገር የተነሣ ይመስለኛል፤ ከፍጥነታቸው። የበቅሎ እርምጃ ዓይን ከመንገድ ዳር ነገር ጋር ሰላምታ እስኪለዋወጥ ጊዜ ይሰጣል። ዛሬ ይህን ፍጥነት ያጣነው ሁላችንም ነን፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአንድ ቀን አንኮበር ደርሰን ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። ዳገት ላይ ብስክሌት ከበቅሎ እምብዛም አይፈጥንም። ለዚህ ነው ወዳጅ የሆንኩት።

አንድ ሐሳብ ሁልጊዜ ይመላለስብኛል። ከአንኮበር እስከ አዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል 172 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መንገድ ላይና በአካባቢው የሸዋ ከተሞች በተርታ ተደርድረዋል። አንኮበር አለች። ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ብርሃን ታየኝ ብለው ሥላሴን የተከሉባት ደብረ ብርሃን አለች፤ ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ከደብረ ብርሃን ሳይርቅ ልቼ አለ፤ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ የተገዙበት ስምምነት የተፈጸመበት። ከዚያ አንጎለላ፣ በመጨረሻም እንጦጦና አዲስ አበባ። ቤተ መንግሥቱ ከገደሉ ጫፍ እየተነሣ ወደ መሃል አገር እንዴት እንደሄደ አንድ ወጣት በሁለት ቀን ጉዞ በእግሩ ጡንቻ ሊማረው ይችላል። የትኛውም ትምህርት ቤት ይህን የመሰለ የታሪክ ክፍል የለውም። መንገዱ ላይ አንድ ምልክት፣ አንድ ንጹሕ ውኃ የሚቀዳበት ቦታ፣ ብስክሌት የሚያሳድር አንድ ቤት ቢኖር ይበቃ ነበር።

ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ደግሞ ለደፋር ነው። ጣርማበር ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በደጋው ጀርባ ላይ ይሄዳል። ጣርማበር ላይ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ከወጣበት ከፍተኛ መንገድ፣ ከቦኔት 2,802 ሜትር፣ ይህ ይበልጣል። ዋሻው ውስጥ ብስክሌተኛ መብራት ያስፈልገዋል፤ ከፊትም ከኋላም። ውኃ ከጣራው ይንጠባጠባል፣ የመኪናው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። እዚያ ውስጥ ሳልፍ አለቱን የፈለፈሉትን ሠራተኞች አስባቸዋለሁ፤ መንገዱ በገዢው ስም ተጠራ፣ የእነርሱን ስም ግን የጻፈው የለም።

ከዋሻው ማዶ ዓለም ይለወጣል። ደብረ ሲና፣ አርማንያ፣ ሸዋ ሮቢት። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ መውረድ ነው፤ በውርጭ ተነሥቶ በማንጎ ጥላ ምሳ መብላት ይቻላል። ከላይ ገብስ፣ ቀጥሎ ስንዴና ጤፍ፣ ከታች ማሽላና ትምባሆ። ይህን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሌሊቱን ይፈትሽ። ሁለቱንም ፍሬን ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ የጋለ ቸርኬ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳ ይችላል። ትንሽ ለቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ፣ እንደገና ለቀቅ። በየመሃሉ ቆሞ ጣትን ማፍታታት ነው፤ የቆመበትም ቦታ ባዶ አይሆንም፣ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ አለ።

ከጣርማበር ወደ ግራ የተገነጠለ ሰው ደግሞ ወደ መንዝ ይወጣል፤ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ። በዚያ ጓሳ የተባለው የሣር ሜዳ አለ። ጓሳን መንግሥት ከማወቁ በፊት ሕዝቡ ነው የጠበቀው። አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች መሬቱን ከተካፈሉ ወዲህ፣ ለክዳን የሚሆነው ሣር ለዓመታት ይከለከል፣ ሲፈቀድ ይታጨድ፣ የተከለከለውን ጊዜ ጥሶ የገባም ይቀጣ ነበር። ቀይ ቀበሮ እዚያ የተረፈው በዚህ ሕግ ነው። ማለዳ በዚያ ሜዳ በዝምታ የሚጋልብ ሰው፣ ቀይ ነገር ሣሩ ውስጥ እንደ ብልጭታ ሲያልፍ ሊያይ ይችላል። እዚያ ነው ፔዳል ማቆም።

ሐይቅ ባለበት አገር ብስክሌት ቶሎ ይለመዳል። ባሕር ዳርና ሐዋሳን ያየ ይመሰክራል፤ ሜዳው ለጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ፣ ውኃው ከጎን። በእኛ በኩል ሐይቅ ለማየት በዚሁ በሰሜኑ መንገድ ደሴን አልፎ ሐይቅ ከተማ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከደብረ ብርሃን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በውኃው ዳር አለ፤ አጠገቡም ሌላው ሐይቅ አርዲቦ አለ። ሜዳ የለመደ ሰው በሦስት ቀን የማይጨርሰው መንገድ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በኋላ ያየው ውኃ ግን ከመኪና ወርዶ የታየ ውኃ አይደለም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሰሜን ሸዋ ሰላሙ የታወከ አገር ሆኗል። መንገድ ተዘግቷል፣ ሰው አዝኗል። ስለ ገደልና ስለ ጭላዳ ስጽፍ ይህን ረስቼ አይደለም፤ ስለማስታውስ ነው የምጽፈው። ዛሬ ማንም ወደ የትኛውም አቅጣጫ ሲነሣ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከዚያ የመጣ ሾፌርን፣ ከዚያ የመጣ ገበያተኛን። አይሆንም ካሉት ይቅር። መንገዱ የትም አይሄድም።

ሰላም በሆነበት ቀን ለሚወጣ ደግሞ ጥቂት ነገር ልጨምር። ውሻ። የዚህ አገር የበግ ውሻ ሥራውን ያውቃል፤ የሚሽከረከር እግር ደግሞ ይከነክነዋል። ለማምለጥ መፍጠን አይረባም። ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ እያሉ መራመድ ነው፤ እረኛው ከሩቅ ይጠራዋል፣ «ጋሼ አይነካህም!» ይላል፣ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ጎሚስታ ትልልቁ ከተማ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፣ እሱም የለመደው የአይሱዙ ጎማ ነው፤ ስለዚህ ፖምፓና ማጣበቂያ ከራስ ጋር ይያዝ። ደግሞም ልጆች አሉ። ዳገት ላይ አጠገባችሁ እየሮጡ ስማችሁን፣ አገራችሁን፣ የሳይክሉን ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ትንፋሽ ቢያጥራችሁም መልሱላቸው። በቅርብ ጊዜ በመካከላቸው ሴቶች ልጆችም አያለሁ። አንዷ የደብተር ቦርሳዋን እንዳነገተች ኮርቻው ላይ ልውጣ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ እግሯ ፔዳሉን በጭንቅ እየነካ ጥቂት ሜትር ነድታ፣ ደግፌ የያዝኩትን እጄን ልቀቅ አለችኝ።

ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው መመለሻው ዳገት መሆኑን አስቦ ይውጣ። ጎረቤላ ላይ ጉልበት እምቢ ካለ አያፍርም፤ ብስክሌቱን ወደ ደብረ ብርሃን ከሚመለሰው ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ያሳስራል። የፊት ጎማውን ቢፈታው ይሻላል። ከሥሩ ጆንያ ይነጠፍለት፣ ካቴናው ወደ ላይ ይሁን፤ ገመዱንም ከረዳቱ ጋር አብሮ ይሰር።